ቀለም የደፈነው ቀዳዳ፦ የአንድ መዝናኛ ፓርክ የክረምት ጥገና

ጉዳዩ

ይህ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ መካከለኛ መዝናኛ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተሠራ ጥገና ታሪክ ነው። የፓርኩንም የሰዎቹንም ስም ትቻለሁ። እኔ ከውጭ የተጠራሁ መካኒካል መሐንዲስ ነበርኩ። የጥገናውን ዕቅድ ማውጣትና የመጫወቻዎቹን የብረት አካል መፈተሽ የእኔ ድርሻ ነበር።

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ጉዳቱ ከቸልተኝነት የመጣ አለመሆኑ ነው። ፓርኩ በየዓመቱ ይታደሳል። በየዓመቱ ይቀባል። ብረቱን ለዝገት አሳልፎ የሰጠውም ይኸው ቅብ ነው።

ፓርኩና ክረምቱ

ስለ መዝናኛ ፓርክ ጥገና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የብርድ አገር ልምድ ነው። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ኤሪ ሐይቅ ዳር ያለው ሲዳር ፖይንት የፈረንጆቹ ኦክቶበር ሲያልቅ ገደማ ይዘጋል፤ የሚከፈተው በሜይ ነው። በመሀል ባሉት ወራት የሮለርኮስተር ባቡሮች ከሐዲዳቸው ይወርዳሉ። እስከ ጎማና አክሰላቸው ይፈታሉ፣ ስንጥቅ ይፈለግባቸዋል፣ ተመልሰው ይገጠማሉ። በረዶ ስለሆነ ደንበኛ የለም። ከደንበኛ የሚጠበቅ ገቢም የለም።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ የለየለት መዝጊያ የለም። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ገበያውም ያኔ ይቀዘቅዛል። ግን ተማሪ የሚያርፈውም ያኔ ነው። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ካለች ልጆች እናታቸውን ጎትተው ይመጣሉ። ከሰዓት ደመናው ሲጠቁር ሁሉም ወደ ካፌው ጣራ ይሮጣል። (ካፌው በክረምት ከመጫወቻዎቹ የተሻለ ይሸጣል። የፓርክ ሰዎች ይህን ጮክ ብለው አይናገሩትም።) ከዚያ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ መስከረም 17 መስቀል። ስለዚህ የዓመቱ ከባድ ጥገና የሚሠራው በዓመቱ እርጥብ ወራት ነው። የዓመቱ ትልቅ ሕዝብ የሚመጣው ደግሞ ጥገናው ባለቀ ማግስት ነው።

ፓርኩ የሰንሰለት ወንበር፣ ትንሽ ፌሪስ ዊል (ሰው አሳፍሮ ወደ ላይ እያወጣ የሚያወርድ መንኮራኩር)፣ የሚጋጩ መኪኖች፣ የፈረስ ማዞሪያ፣ የልጆች ባቡርና በአየር የሚነፋ መዝለያ አለው። ትልልቆቹ መጫወቻዎች ያገለገሉ ሆነው የገቡ ናቸው። የሰንሰለት ወንበሩ ማኑዋል ተገኝቷል፤ ግን ግማሽ ገጹ የለም። የሸጠው ድርጅት ወኪልም ከአገር ወጥቷል።

ሁለት ዝርዝሮች

ባለቤቱ የክረምቱን ሥራ ዝርዝር አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ሁሉንም መጫወቻ መቀባት፣ መብራቶቹን መቀየር፣ አዲስ መግቢያ በር፣ የካፌው ወለል ሴራሚክ። በዚሁ ቅደም ተከተል። «ሰው የሚከፍለው ላየው ነገር ነው» አሉኝ። ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ዝገት የሸፈነው ፌሪስ ዊል ላይ ልጁን የሚያስቀምጥ አባት የለም።

ዋና ቴክኒሻኑ ሌላ ዝርዝር ነበራቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ፓርኩ ውስጥ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ሰው ናቸው። ዝርዝራቸውን በአሮጌ የቲኬት ጥራዝ ጀርባ ላይ ነው የጻፉት። የፌሪስ ዊሉ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ክፍል) ይጮኻል። የሚጋጩት መኪኖች ወለል አንድ ጥግ ላይ ተነስቷል። የፈረስ ማዞሪያው ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) ተሰንጥቋል። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥ ጠል ይጠራቀማል። የሰንሰለት ወንበሩን በተመለከተ የጻፉት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ይታይ»።

ሁለቱ ዝርዝሮች አይገናኙም። የባለቤቱ ዝርዝር በጀት ነበረው፤ የጋሼ ዝርዝር አልነበረውም።

መጀመሪያ የተጠየቁት ኦፕሬተሮቹ

ብረት ከመንካታችን በፊት ኦፕሬተሮቹን አንድ በአንድ አናገርን። ኦፕሬተር ስል ቁልፍ ተጭኖ መጫወቻውን የሚያስነሳውን ልጅ ማለቴ ነው። ደመወዙ ዝቅተኛ ነው። በጥገና ስብሰባ ላይ የሚጠራው የለም። ግን ቀኑን ሙሉ የዚያን ማሽን ድምፅ ሲሰማ የሚውለው እሱ ነው።

የሰንሰለት ወንበሩን የምታስነሳው ልጅ የነገረችን ነገር የጥገናውን መንገድ ቀየረው። «ከዝናብ በኋላ ወንበሮቹን እናደርቃለን» አለች። «ሰው አስቀምጠን ስናስነሳው ግን ከላይ ውኃ ይረጫል። ቡኒ ውኃ። ፀሐይ ወጥቶ ሰዓታት ካለፉ በኋላም ይረጫል። አንድ ጊዜ የአንዲት ሴትዮ ነጠላ አበላሸብኝና ከኪሴ አጥቤ ሰጠኋት።»

ሁሉም ሰው ውኃው ከጣራው ሸራ ላይ የተጠራቀመ ነው ብሎ ያስብ ነበር። የሸራ ላይ ውኃ ግን ቡኒ አይሆንም፤ ፀሐይ ሲወጣም ቶሎ ይደርቃል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ። «መሰላል አምጡ» ነው ያሉት።

የተገኘው

የሰንሰለት ወንበር አሠራሩ ቀላል ነው። መሀል ላይ ምሰሶ አለ። ከምሰሶው ጫፍ ዙሪያውን ክንዶች ይወጣሉ፤ ወንበሮቹ በሰንሰለት የሚንጠለጠሉት ከእነዚህ ክንዶች ላይ ነው። ክንዶቹ ቱቦላሬ ናቸው፤ ማለትም ውስጣቸው ባዶ ነው። ማሽኑ ሲዞር ሰውና ወንበር ወደ ውጭ ይወረወራሉ። ያንን ጉተታ የሚሸከመው ክንዱ ነው።

ወንበሮቹና ሰንሰለቶቹ ወርደው ተቆጠሩ፤ ቁጥር ተለጠፈባቸው። ከዚያ ጋሼ ትንሽ መዶሻ ይዘው ክንዶቹን ከምሰሶው ጀምሮ እስከ ጫፍ መታ መታ ያደርጉ ጀመር። ደህና ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ ድምፁ ትንሽ ይቆያል። አንዳንዶቹ ክንዶች ጫፋቸው አካባቢ ድምፃቸው ይሞታል። ጋሼ በዚያ ቦታ ከሥር በኩል ቀለሙን በቢላ ፋቁት። ቀለሙ ወፍራም ቅርፊት ሆኖ ተነሳ። ከጎኑ ሲታይ መስመር መስመር ነው፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ደግሞ ቀይ። የየዓመቱ እንቁጣጣሽ ቀለም አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቧል። ከቅርፊቱ ሥር ትንሽ ክብ ስርጉድ ነገር ታየ። ጋሼ ምስማር ከተቱበትና በመዶሻው ቸብ አደረጉት።

ምስማሩ ሲወጣ ውኃ ተከትሎት መጣ። ቡኒ፣ ወፍራም፣ የዝገት ደለል ያዘለ ውኃ። መሰላሉን የያዘው ልጅ እጁ ላይ ወረደበት። መፍሰሱ ወዲያው አላቆመም።

ያ ስርጉድ ፋብሪካው ያበጀው የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ነው። በባዶ ቱቦ ውስጥ ውኃ መግባቱ አይቀርም። በብሎን ቀዳዳ ይገባል፣ በጫፉ ክዳን ይገባል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከአየሩ እርጥበት ራሱ ጠል ሆኖ ውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ ከሥር መውጫ ይተዉለታል። ቀለም ቀቢዎቹ ይህን የነገራቸው የለም። ቀዳዳ ሲያዩ የብረት ጉድለት መስሏቸው በስቱኮ ደፍነው፣ በላዩ ቀብተው፣ አሳምረው ሄደዋል። ሥራቸውን በደንብ ስለሠሩ ውኃው መውጫ አጣ። የጫፍ ክዳኖቹ ደግሞ ፕላስቲክ ናቸው፤ ፀሐይ ሰነጣጥቋቸዋል። ከላይ መግቢያ አለ፣ ከሥር መውጫ የለም። ልጅቷ ያየችው ቡኒ ውኃ ማሽኑ ሲዞር በተሰነጠቀው ክዳን የሚወረወረው ነው።

የብረቱ ግድግዳ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ የነዳጅ ቦቴ ከሚፈትሽ ድርጅት የውፍረት መለኪያ ተዋስን። መሣሪያው ድምፅ ወደ ብረቱ ይልካል፤ ድምፁ ከወዲያኛው ገጽ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ውፍረቱን ይናገራል። ብረቱን መብሳት አያስፈልግም። አዲስ ሲሆን 4 ሚሊ ሜትር የነበረው ግድግዳ ከምሰሶው አጠገብ ብዙም አልተነካም። ውኃ የሚተኛበት ጫፍ ላይ ግን ከግማሽ በታች የወረደ ክንድ አገኘን። ሰንሰለቱ የሚታሰረው እዚያው ላይ ነው። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ክንድ አንድ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቀይ።

ለባለቤቱ ነገሩን ሳስረዳ የኦሃዮን አደጋ አነሳሁላቸው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2017 በኦሃዮ ግዛት ዓውደ ርዕይ ላይ አንድ የሚወዛወዝ መጫወቻ ሲሠራ ክንዱ ተሰበረ። አንድ ወጣት ሞተ፣ ሌሎች ሰባት ሰዎች ቆሰሉ። መጫወቻው 18 ዓመት ያገለገለ ነበር። በዚያው ቀን ተፈትሾ አልፏል። አምራቹ በኋላ እንዳስታወቀው ወንበሮቹን የተሸከመው ክንድ ግድግዳ ከውስጥ በኩል በዝገት ተበልቶ ሳስቶ ነበር። ባለቤቱ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «በዚያው ቀን ተፈትሾ ነበር ነው የምትለኝ?» ሲሉ ደግመው ጠየቁ። ከሁሉም ያስደነገጣቸው ያ ነው።

ልጣፍ ወይስ መቀየር

የመጀመሪያው ሐሳብ የተበላው ቦታ ላይ ላሜራ ለጥፎ መበየድ ነበር። ርካሽ ነው፣ ለእንቁጣጣሽም ይደርሳል። ይህን ሐሳብ የጣለው በያጁ ራሱ ነው። «የሳሳ ብረት ላይ ስበይድ ይነድልኛል» አለ። «ባይነድልም ልጣፉ የሚይዘው የበሰበሰውን ነው።» ከዚህ በላይ ክርክር አላስፈለገም። የተጎዱት ክንዶች ይቀየሩ ተባለ።

መቀየሩ ግን የራሱ ጣጣ ነበረው። አንደኛ፣ ጠንከር ይበል ተብሎ ወፍራም ብረት መጠቀም አይቻልም። ክንዱ ሲከብድ ምሰሶውና ኩሽኔታው የሚሸከሙት ይጨምራል። ስለዚህ የድሮው ልክ ተጠበቀ። ሁለተኛ፣ የሚዞር ነገር ሚዛን ይፈልጋል። አንድ ክንድ ሲቀየር ፊት ለፊቱ ያለውም አብሮ ተቀየረ፤ ደህና ቢሆንም። ባለቤቱን በጣም ያናደዳቸው ይህ ነው። ደህናውን ብረት አውልቆ መጣል አልዋጥ አላቸው። እኔ እዚህ ላይ አልተለሳለስኩም። ለወረዱት ደህና ክንዶች በኋላ ጥቅም ተገኘላቸው፤ ተቆርጠው የመግቢያው በር ምሰሶ ሆኑ።

ሦስተኛው ጣጣ ብየዳው ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመረጠው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) እርጥበት ይጠላል። ክረምት ላይ ካርቶኑ ተከፍቶ ከዋለ እርጥበት ይጠጣል። እርጥበቱ ብየዳው ውስጥ ሃይድሮጂን ያስገባል፤ ስንጥቁ የሚመጣው ከሰዓታት ምናልባትም ከቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ፓርኩ ግቢ ውስጥ በሸራ ሥር መበየድ ቀረ። ጣራና የኤሌክትሮድ ማድረቂያ ምድጃ ያለው ወርክሾፕ ተፈለገ። ዋጋው ከፍ አለ።

የተበየደው ሁሉ ከቀናት ቆይታ በኋላ በቀይ ፈሳሽ ተፈተሸ። ዘዴው በሦስት ጣሳ የሚሠራ ነው። ብረቱ ይጸዳል፤ ቀይ ቀለም ይነፋበትና ይቆያል፤ ትርፉ ይጠረጋል፤ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ስንጥቅ ካለ በነጩ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ይታያል። አንድ ክንድ ላይ መስመር ታየ። ተፍቆ እንደገና ተበየደ። በክንዶቹ ውስጥ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) አፍስሰን፣ ክንዱን እያገላበጥን አዳረስነው፤ ትርፉን ደፋን። ከሥር ያለው ቀዳዳ ከድሮው ሰፋ ተደርጎ ተበሳ። የጫፍ ክዳኑ በፕላስቲክ ፋንታ ብረት ሆነ።

የዶላር ነገር

በዚህ መሀል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር ዘለለ፤ በነሐሴ ከ100 ብር አለፈ። ለፌሪስ ዊሉ ኩሽኔታ ዋጋ የሰጠን ነጋዴ በማግስቱ ስልክ አላነሳም። ሲያነሳ ሌላ ዋጋ ተናገረ።

ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ሌላ ኩሽኔታ ተገዛ። ሳጥኑ የታወቀ ስም አለው፤ ዋጋው ግን ከሚገባው በታች ነበር። ጋሼ እጃቸው ላይ አዙረውት «ይሄ ፎርጅድ ነው» አሉ። ባለቤቱ ግን ገንዘቡ ወጥቷል ብለው እንዲገጠም አዘዙ። ፌሪስ ዊሉ ያለ ሰው ሲሞከር ገና በመጀመሪያው ሳምንት ኩሽኔታው ሞቀ፤ ግሪሱም ጠቁሮ ወጣ። ወረደ። በመጨረሻ ትክክለኛው ኩሽኔታ በውድ ተገዛ። ርካሹ በድምሩ ከሁሉም የከፋ ወጪ ሆነ፤ ማውረጃ፣ መስቀያ፣ የባከነ ጊዜ።

ዝናብ ውስጥ መሥራት

ሥራውን በመጫወቻ ከመክፈል ይልቅ በውኃ ከፈልነው። ጣራ ሥር ሊሠራ የሚችል ሁሉ ለሐምሌና ለነሐሴ አጋማሽ ተቀመጠ፦ የሰንሰለት ፍተሻ፣ የወንበር ማሰሪያዎች፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኖች፣ የሞተር ዘይት፣ የፈረሶቹ ጥገና። ከቤት ውጭ የሚሠራው ብሎን የማጥበቅና የመፈተሽ ሥራ ለጠዋት ተተወ። ቀለም ወደ መጨረሻ ተገፋ።

ፓርኩም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በየተራ አንድ አንድ መጫወቻ ታጠረ፤ ሌላው ሠራ። አጥሩ ላይ «በጥገና ላይ» ከሚል ደረቅ ጽሑፍ ይልቅ ምን እየተሠራ እንደሆነ በሁለት መስመር ተጻፈበት። የወረደው የተበላ ክንድ ደግሞ እዚያው አጥሩ አጠገብ ቆሞ እንዲታይ ተደረገ። ባለቤቱ መጀመሪያ ፈሩ፤ ሰው ይሸሻል ብለው። ወላጆች ቆመው ያነቡና ኦፕሬተሮቹን ይጠይቁ ጀመር። የሸሸ ሰው እኔ አላየሁም።

ኦፕሬተሮቹ በክረምቱ እንዳይሰናበቱ ተደረገ። የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ይዘው የጥገናው ረዳት ሆኑ። የሚያስነሱትን ማሽን ከውስጥ አዩት። ቲኬት የምትቆርጠው ሴት የመለዋወጫ መዝገቡን ያዘች። ከዚያ በኋላ አንድ ዳዶ ሳይፈረምበት ከመጋዘን አልወጣም።

ያልሠራው

ቀለሙ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ጥቂት ጋብ ሲል ባለቤቱ አልታገሥ አሉ። ቀቢዎቹ ጠዋት በማለዳ ገብተው ፌሪስ ዊሉን ቀቡት። ብረቱ ሲታይ ደረቅ ነው፤ ሲዳሰስ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሌሊቱን የቀዘቀዘ ብረት ዓይን የማያየው ጠል ይለብሳል። የቀለም ሥራ ሕግ የብረቱ ሙቀት አየሩ ጠል ከሚሆንበት ነጥብ ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ አለበት ይላል፤ የአየሩ እርጥበትም ከ85 በመቶ መብለጥ የለበትም። በነሐሴ ማለዳ ሁለቱም አይገኙም። ለእንቁጣጣሽ አማረ። መስቀል ሲደርስ ጥላ በሚበዛበት በኩል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። በጥቅምት ፀሐይ ተፍቆ እንደገና ተቀባ።

የፈረሶቹ ፋይበርግላስም አስቸግሯል። ማጣበቂያው ሬዚን ብርድ ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ ሠራተኛው እንዲፈጥን ብሎ ማጠንከሪያውን አበዛው። በጣም ሞቆ ተሰነጠቀ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ክፍሉን በማሞቂያ አሙቆ በልኩ መቀላቀል። ግን ሁለት ፈረሶች ለበዓሉ አልደረሱም።

የሰንሰለት ወንበሩ ራሱም ለእንቁጣጣሽ አልደረሰም። የዓመቱ ትልቅ ቀን ላይ ቆሞ ዋለ። ባለቤቱ ከአጥሩ ውጭ የአየር መዝለያውን አዛውረው ያቆሙት ክፍተቱ እንዳይታይ ነው። የጠፋው ገቢ ቀላል አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

አከፋፈቱ

ክንዶቹ ተሰቅለው ብሎኖቹ ሁሉ አዲስ ሆኑ። ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ አንዴ ከወለቀ ተመልሶ አይገባም፤ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። አናቱ ላይ የጥንካሬ ደረጃውን የሚናገር 8.8 የሚል ቁጥር የሌለው ብሎን አልተገጠመም፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተገኘ «ተመሳሳይ» ብሎን ተመለሰ። ማጥበቂያው በልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ ነበር፤ በጉልበት አልነበረም። እያንዳንዱ ብሎን ሲጠብቅ በብሎኑና በክንዱ ላይ አንድ የሚያገናኝ የቀለም መስመር ተሰመረበት። ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ ኦፕሬተሯ ከሥር ቆማ ታየዋለች።

ከዚያ ወንበሮቹ ላይ የአሸዋ ከረጢት ታስሮ ለቀናት ዞረ። መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ በሙሉ ጭነት፣ ቀጥሎ በአንድ ወገን ብቻ ተጭኖ። በመሀል መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም ተሞከረ፤ ፍሬኑ በዝግታ አቆመው። ብሎኖቹ እንደገና ተፈተሹ። ጥቂቶቹ ትንሽ ላልተው ተገኙ፤ አዲስ የተገጠመ ነገር ሲቀመጥ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ሰው ተሳፈረበት።

ከዚህ ጉዳይ ሌላው ፓርክ የሚወስደው

ዋናው ነገር የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ቀለም ፍተሻን መቅደም የለበትም። አዲስ ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናል፣ ዝገት ይሸፍናል፣ ቀዳዳ ይደፍናል። ቀቢ ከመግባቱ በፊት ቴክኒሻን በእያንዳንዱ ማፍሰሻ ቀዳዳ ሽቦ አስገብቶ ማውጣት አለበት፤ ቀቢው ከወጣ በኋላም እንዲሁ። ይህ ለመዝናኛ ፓርክ ብቻ አይደለም። በቱቦላሬ የተሠራ የትምህርት ቤት ዥዋዥዌ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ምሰሶ፣ የውኃ ታንከር ማማ፣ የግቢ በር ሁሉ እንዲሁ ከውስጥ ይበሰብሳል። ትምህርት ቤቶች በነሐሴ ዥዋዥዌ ያስቀባሉ። ከሥሩ ቀዳዳ መኖሩን የሚያይ አላጋጠመኝም።

በዓይን የሚደረግ ፍተሻ ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ላይ በቂ አይደለም። የውፍረት መለኪያ መግዛት ለአንድ ፓርክ ሊከብድ ይችላል። መዋስ ወይም መከራየት ግን ይቻላል፤ ቦቴ፣ ቦይለርና የጋዝ ሲሊንደር የሚፈትሹ ድርጅቶች አላቸው። አይኤስኦ 17842 የተባለው የመዝናኛ መጫወቻዎች ደኅንነት ደረጃ ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ ክፍል ስለ ፍተሻ ብቻ ነው። ማኑዋሉ የጠፋበት ፓርክ ቢያንስ ከዚያ መነሻ ያገኛል።

ስለ ኦፕሬተሮቹ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅቷ ቡኒውን ውኃ ያየችው ከዚያ ክረምት በፊት ነው። ለማን እንደምትናገር አታውቅም ነበር። አሁን በየመጫወቻው አንድ ደብተር አለ። ድምፅ፣ ሽታ፣ ፍሳሽ፣ ያልተለመደ ንዝረት ይጻፍበታል። ጋሼ ማታ ማታ ያነቡታል። አብዛኛው የሚጻፈው ነገር ተራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ስለ ምሳ ሰዓት የተጻፈ እሮሮ ነው።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ ክረምት ሲገባ ኩሽኔታ መፈለግ ዘግይቶ መነሳት ነው። የሚያልቅ ዕቃ ዝርዝሩ የሚወጣው በጥር፣ የጥምቀት ግርግር ጋብ ሲል ነው። ያኔ ትክክለኛውን ዕቃ ለመጠበቅ ጊዜ አለ። ጊዜ የሌለው ሰው ፎርጅድ ይገዛል።

የቀረ ሥራ

የሚጋጩት መኪኖች ወለል በዚያ ክረምት አልተነካም፤ በጀቱ ክንዶቹ ላይ አለቀ። የተነሳው ጥግ ታጥሮ መኪኖቹ በቀረው ቦታ ይጋጫሉ። ፌሪስ ዊሉም ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት አለው፤ ውፍረቱ የተለካው በከፊል ነው። የላይኛው ክፍል እንዲለካ ለ2017 ክረምት ተይዞ ነበር። ባለቤቱ በዚያኛው ክረምት ዝርዝር ላይ ቀለምን አራተኛ አድርገው ጽፈውታል። ሦስተኛው አሁንም የመግቢያ መብራት ነው።